አሮጌ ስልክ ከእጅ ሲወጣ፦ በጂዳና በመካ የንግድ ሕግ የሻጭና የገዢ ዕዳ

ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ በፖስታ ተቀብሎ የሚገዛ ድርጅት አሠራሩ በየአገሩ ያው ነው። ባለቤቱ የስልኩን ወይም የላፕቶፑን ሞዴልና ይዞታ ይሞላል፤ የግምት ዋጋ ይነገረዋል፤ ዕቃውን አሽጎ ይልካል፤ በሌላው ጫፍ መርማሪ ከፍቶ ያየዋል። ከዚያ የተባለው ዋጋ ይከፈላል፣ አለዚያም ዝቅ ያለ ዋጋ ይቀርባል። የሚሠራው ታድሶ ይሸጣል፤ የማይሠራው ተፈታቶ መዳቡና ወርቁ ይወጣል። ሻጭና ገዢ አይተያዩም፤ ዕቃው የሚሄደው ዋጋው ሳይቆረጥ ነው። ስልክ አገላብጦ አይቶ፣ ተከራክሮ፣ እጅ በእጅ መገበያየት ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ቆራሌው እንኳ ዋጋውን ደጃፍ ላይ ጨርሶ ነው የሚወስደው።

በዚህ ንግድ ላይ የሃይማኖት ሕግ የሚያነሳው ጥያቄ ከትርፍና ከኪሳራ ይለያል፦ አንድ ሰው ስለ ዕቃው ያለበት ኃላፊነት የሚያበቃው መቼ ነው? ሲሸጠው ነው፣ ሲያስረክበው ነው፣ ወይስ ዕቃው የመጨረሻ ዕጣው ላይ ሲደርስ? በሳዑዲ ዓረቢያ ይህ የመድረሳ ክርክር ብቻ አይደለም። የአገሩ ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት በሸሪዓ ሲሆን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግም የተቀዳው ከፊቅህ፣ ማለትም ሊቃውንት ከሸሪዓ ካወጡት ሕግ ነው። መዝሀቦቹ፣ ማለትም የፊቅህ ትምህርት ቤቶቹ፣ በዝርዝር ነገር ይለያያሉ። ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለተከተለው ግን አንድ የጋራ አካሄድ ይታያል፤ ዕዳው በአብዛኛው የሚወድቀው በሚያውቀው ወገን ላይ ነው።

በጂዳ አሮጌ ዕቃ የሚፈለግበት ስፍራ የታወቀ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ሐራጅ አስ-ሰዋሪኽ ከፍራሽ እስከ ፍሪጅ የሚገኝበት ሰፊ የልባሽና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ የፍልስጤም ጎዳና ደግሞ በሞባይል ሱቆቹ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት የሞባይል ሽያጭና ጥገና ሥራን በሁለት ደረጃ ለአገሩ ዜጎች ብቻ አደረገው፤ በጁን ግማሹን፣ በሴፕቴምበር ሙሉውን። የውጭ ሰው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ስክሪን መቀየርና ስልክ መሸጥ ተከለከለ። ሰው ለሰው የሚሸጥበት ሰፊው መድረክ ግን ኢንተርኔት ሆኗል። ሐራጅ በሚባለው የሳዑዲ የኢንተርኔት ገበያ ዕቃ የሚያስነግር ሰው ሽያጩ ከተሳካ 1 በመቶ ኮሚሽን እንደሚከፍል በአላህ ስም ቃል እንዲገባ ሲጠየቅ ኖሯል፤ ቃል ኪዳንን ስለ መጠበቅ የሚናገረው የቁርኣን አንቀጽም አብሮ ይነበባል። ሽያጩ መፈጸሙን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ስለሆነ የሚጠየቀው ሕሊናው ነው። ደረሰኝ ለለመደ ነጋዴ ይህ የዋህነት ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀውን ነገር ከመሐላ ውጭ ማስያዣ እንደሌለው የተረዳ አሠራር ነው።

ዕቃ አስረክቦ ዋጋውን የማጣት ጣጣ ለመካ አዲስ አይደለም። ከእስልምና በፊት፣ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ ሸቀጡን ለቁረይሹ ሹም ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። በከተማዋ ዘመድ አልነበረውም፤ አቤት ቢል የሚሰማው አላገኘም። በመጨረሻ ካዕባ አጠገብ ጩኸቱን አሰማ። ከቁረይሽ ጎሳዎች ጥቂቶቹ በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለው ሰው የመካ ተወላጅ ይሁን እንግዳ ሐቁ እስኪመለስለት ድረስ ከጎኑ ለመቆም ተማማሉ። ሒልፍ አል-ፉዱል የሚባለው ይህ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል፤ ከነቢይነትም በኋላ በእስልምና ዘመን ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ መናገራቸው በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። ስልኩን በፖስታ የላከ ሰው ሁኔታ ከዘቢዱ ነጋዴ አይርቅም። ዕቃው በማያውቀው ሰው እጅ ነው፣ ዋጋውን የሚወስነው ያ ሰው ነው፣ ተሟግቶ ለማስመለስ የሚያወጣው ወጪ ከስልኩ ይበልጣል።

በሩቅ የሚደረግ ውል መቼ ይጸናል ለሚለው መልስ የተሰጠው እዚያው ጂዳ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በከተማዋ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በማርች 1990 ስድስተኛ ጉባኤውን በጂዳ አድርጎ በደብዳቤ፣ በቴሌግራም፣ በቴሌክስና በኮምፒውተር ስለሚደረጉ ውሎች ወሰነ። ተዋዋዮቹ ባይተያዩም የአንዱ ሐሳብ ለሌላው ደርሶ ሲቀበለው ውሉ ይጸናል። ጋብቻ ምስክር ስለሚፈልግ፣ የወርቅና የገንዘብ ምንዛሪ እጅ በእጅ መረካከብ ስለሚጠይቅ፣ ሰለም የሚባለው ውል ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ መከፈል ስላለበት ከዚህ ውጭ ተደረጉ። ስልክ በፖስታ መሸጥ እንግዲህ በመርሕ ደረጃ ችግር የለበትም። ችግሩ የግምት ዋጋው ላይ ነው። በሐንበሊ መዝሀብ ከሚቆጠሩት ሰባት የሽያጭ መስፈርቶች አንዱ ዋጋው መታወቁ ነው፤ መካ ውስጥ በዳኝነት ያገለገሉት አሕመድ አል-ቃሪም መዝሀቡን ከ2,300 በሚበልጡ አንቀጾች ሲያደራጁ ይህን ይዘዋል። መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ጂዳ ነው። “እስከዚህ ድረስ እንከፍላለን” የሚል ግምት ዋጋ አይባልም፤ ስለዚህ ስልኩ ሲላክ ገና አልተሸጠም። ሽያጩ የሚፈጸመው ከምርመራ በኋላ የቀረበውን ቁርጥ ዋጋ ባለቤቱ ሲቀበል ነው። እስከዚያ ድረስ ስልኩ ድርጅቱ ዘንድ የተቀመጠ የሰው ንብረት ነው።

አንዳንድ ድርጅቶች በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ይጨምራሉ፤ አዲሱ ዋጋ ተነግሮት በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ቁርኣን ንግድን በመፈቃቀድ ላይ ያቆመዋል፤ ፊቅህም ዝም ላለ ሰው ቃል እንደማይሰጠው፣ መናገር ባለበት ቦታ ላይ ዝም ካለ ግን ዝምታው እንደ ቃል እንደሚቆጠር ይደነግጋል። መጀለ በሚባለው የኦቶማን የሕግ መድብል አንቀጽ 67 የተጻፈው ይኸው ነው። ሰውዬው መናገር እንዳለበት በግልጽ ተነግሮት ከነበረ ዝምታው ያስጠይቀዋል፤ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ አምሳ አንቀጽ መሐል ተቀብሮ ከሆነ ግን መፈቃቀድ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ስለ ጉድለት የሚናገረው ክፍል የፊቅህ ሀብት የሚታይበት ነው። ነቢዩ በመዲና ገበያ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ። ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ለስልክ ንግድ ሳይለወጥ ያገለግላል። የአይፎንን ሲም ካርድ መያዣ በመርፌ አውጥቶ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው ትንሽ ምልክት ያያል፤ ውሃ ያልነካው ነጭ ወይም ብርማ ነው፣ ውሃ የነካው ቀይ ይሆናል። ፊቱ የተወለወለ፣ ጀርባው አዲስ ሽፋን የለበሰ፣ ውስጡ ግን የቀላ ስልክ ከላይ ደረቅ ከታች እርጥብ ከሆነው እህል አይለይም። ባትሪውም እንደዚሁ ነው፤ ከ2018 ወዲህ አይፎን የባትሪውን አቅም በመቶኛ ያሳያል፣ ሆኖም ባትሪውና ስክሪኑ በኦሪጅናል ይቀየር በሌላ፣ አስቀያሪው ያውቃል።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ጉድለቱ በሻጩ እጅ ሳለ የነበረ፣ በነጋዴዎች ልማድ ዋጋ የሚቀንስና ገዢው ያላወቀው ከሆነ ገዢው የመመለስ መብት አለው። ሐንበሊዎች ዕቃውን ይዞ የዋጋውን ልዩነት መጠየቅንም ይፈቅዱለታል፤ ሐነፊዎችና ሻፊዒዮች መመለስ እየተቻለ ልዩነት መጠየቅን አይቀበሉም። የሚያከራክረው “ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩልህ” የሚለው አባባል ነው። በሳዑዲ የመኪና ሐራጅ ሻጩ “የብረት ክምር ነው” ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢገኝበት አልጠየቅም ማለቱ ነው። ሐነፊዎች እንዲህ ያለውን ማስተባበያ በሰፊው ይቀበላሉ። ኢብን ተይሚያና ከሐንበሊዎች የተከተሏቸው ግን ይለዩታል፤ ሻጩ ጉድለቱን የማያውቅ ከነበረ ነጻ ይሆናል፣ እያወቀ በቃሉ የተሸፈነ ከሆነ ነጻ አይሆንም። ከሁለቱ ለአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ከሐራጅ አስ-ሰዋሪኽ አሥር ስልክ በጅምላ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው የእያንዳንዱን ሆድ ዕቃ ሊያውቅ አይችልም፤ ለሁለት ዓመት በኪሱ ይዞት የኖረ ሰው ግን የትኛው ቁልፍ እንደሚነክስ ያውቃል።

እስካሁን የሚያውቀው ሻጩ ነበር። ዋጋ ላይ ሲደረስ ሚዛኑ ይገለበጣል። ባለቤቱ አሮጌ ስልኩ ምን እንደሚያወጣ አያውቅም፤ ገዢው ድርጅት ያውቃል። ቁርኣን በሰሜን ምዕራብ ዓረቢያ የነበሩትን የመድየን ሰዎች በነቢዩ ሹዐይብ አንደበት ሲወቅስ ከጥፋታቸው አንዱ የሰውን ዕቃ ዋጋ ማጉደል ነው። ነቢዩም ቅፍለትን ከገበያ ውጭ ወጥቶ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ ከገጠር የመጣው ሻጭ ገበያ ገብቶ ዋጋ ሲሰማ ውሉን ማፍረስ እንዲችልም ፈቅደዋል። ጥፋቱ በርካሽ መግዛቱ አይደለም፤ ሻጩ ዋጋ ሳይሰማ በፊት መቅደሙ ነው። የሐጅ ወቅት ሲያልቅ ለጉዞ የቸኮለ ሐጃጅ የሚሸጠውን ስልክ ሆቴል በር ላይ ተቀብሎ በግማሽ ዋጋ የሚወስድ ሰው የሚገኘው እዚህ ክልከላ ውስጥ ነው። የፖስታ ገዢው ነገር ቀለል ይላል፤ የግምት ዋጋውን በይፋ ያወጣልና ባለቤቱ ከሌላ ጋር ማወዳደር ይችላል። የሚያስነቅፈው ከፍ ያለ ግምት አሳይቶ፣ ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ በጭረት ሰበብ መቀነስን ልማድ ካደረገ ነው።

አሮጌውን ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ጨምሮ አዲስ መውሰድ ደግሞ ሰው ብዙ የሚጠይቅበት ነገር ነው። ጥርጣሬው የመጣው ከወርቅ ቤት ነው። አሮጌ ወርቅን በአዲስ ወርቅ በልዩነት መለወጥ ሪባ (የተከለከለ ጭማሪ) ነው፤ ነቢዩ መናኛ ተምር ሁለት ቁና ሰጥቶ ምርጥ ተምር አንድ ቁና የወሰደውን ሰው መናኛውን በብር ሸጦ በብሩ ምርጡን እንዲገዛ አዘውታል። ስልክ ግን በክብደትና በስፍር ከሚመዘኑት የሪባ ዓይነቶች አይደለም። አሮጌ ስልክና ገንዘብ ሰጥቶ አዲስ ስልክ መውሰድ፣ ክፍያው በኋላ ቢደርስም፣ በብዙኃኑ ዘንድ ይፈቀዳል። የአዲስ አበባው ልዋጭ በዚህ መስፈርት ነውር የለበትም።

ነገር ግን ስልኩ ውስጥ ወርቅ አለ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት አንድ ሚሊዮን ያገለገሉ ስልኮች 16 ቶን መዳብ፣ 350 ኪሎ ብርና 34 ኪሎ ወርቅ ይይዛሉ። በኸይበር ጊዜ ፈዳላ ኢብን ዑበይድ ወርቅና ዶቃ የተሰካበትን ሐብል በ12 ዲናር ገዝቶ ቢለየው ወርቁ ከ12 ዲናር በለጠ፤ ነቢዩም ሳይለያይ እንዳይሸጥ አሉ። በወረቀት ገንዘብ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ ገንዘቡን እንደ ወርቅና ብር ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎታልና መጠኑ መበላለጥ ይችላል፣ መረካከቡ ግን በአንድ መቀመጫ መሆን አለበት። ስልክ ገዢ የሚፈልገው ስልክ ስለሆነ በውስጡ ያለው ቅንጣት ወርቅ ተከታይ ነው፣ በሕጉ አይታይም። የተፈታ ቦርድ በኪሎ የሚገዛ አንጣሪ ግን የሚፈልገው ወርቁን ነው፤ ለእሱ ቦርዱ ማዕድን ነው። ለእንዲህ ያለው ገዢ በዱቤ መሸጥ ከስልክ ሽያጭ ይልቅ ወደ ወርቅ ሽያጭ ይቀርባል ብሎ መጠንቀቅ ምክንያት አለው።

በመንገድ የሚጠፋው ወይም የሚሰበረው ዕቃ ነገር በአጭሩ ያልቃል። አደራ ተቀባይ ካላጠፋ በስተቀር አይከፍልም። የሁሉንም ሰው ዕቃ በክፍያ የሚቀበል ሠራተኛ ግን ይለያል፤ ዓሊ ኢብን አቢ ጧሊብ የእጅ ባለሙያዎችን ለጠፋው ዕቃ ያስከፍሉ እንደነበር ተዘግቧል፤ የአቡ ሐኒፋ ሁለት ደቀ መዛሙርት አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒም መከላከል ከማይቻል አደጋ በቀር ተጠያቂ አድርገውታል። ፖስታ ቤትም ጠጋኝም የሚመደቡት ከእነዚህ ጋር ነው።

ስልክን ከሌላ አሮጌ ዕቃ የሚለየው ውስጡ ያለው መረጃ ነው። ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ስልክ ተከፍቶ ቢታይ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ በኢሞ የመጣ የእናት ድምፅ፣ የጓደኞች ሒጃብ የሌለበት የሰርግ ፎቶ ይገኛል። ስልኩ የእሷ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የብዙ ሰው ገመና ነው። ስለዚህ ማጥፋት የሻጯ ፈንታ ነው፤ የሌላ ሰው ምስል የሷ ንብረት አይደለምና ከስልኩ ጋር ልትሸጠው አትችልም። ስክሪኑ የሞተ ስልክ ሲሆን ማጥፋትም አይቻልም፤ ዕዳው ወደ ተቀባዩ ይዞራል። በዚህ ላይ የመካ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ622 ነቢዩ ሊገድሏቸው ከሚፈልጉ ሰዎች ሸሽተው ሲሰደዱ የዚያችው ከተማ ሰዎች ያስቀመጡባቸው አደራ እጃቸው ላይ ነበር፤ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዓሊን ወደ ኋላ አስቀሩት። ባለቤቶቹ ባላጋራ መሆናቸው አደራውን አላስቀረውም። ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለልን ትከለክላለች፤ ሳይጠፋ የመጣን ፎቶ ከፍቶ ያየ ጠጋኝ ከዚህ አያመልጥም። የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሥራ ላይ ሲውል ይህን ግዴታ በድርጅቶች ላይ በመንግሥት ቋንቋ ደነገገው።

ከሁሉ የከበደው የመካ ጉዳይ ወድቆ የተገኘ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ሐጅ አድርጓል፤ በዚያ ግፊያ ስልክ ይወድቃል። በሌላ አገር የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው መያዣውንና ማሰሪያውን አስተውሎ አንድ ዓመት ያስታውቃል፤ ባለቤት ካልመጣ ይጠቀምበታል። ዛሬ የማሰሪያውን ቦታ የያዘው በ*#06# የሚታየው አሥራ አምስት አሐዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ነው። መካ በተከፈተችበት ዕለት ግን ነቢዩ በሐረሙ ክልል የወደቀን የሚያስታውቅ ሰው ብቻ እንዲያነሳው አዝዘዋል። ብዙ ሊቃውንት እዚህም ዓመቱ ይበቃል ሲሉ ሻፊዒዮች አያበቃም ይላሉ፤ አግኚው መቼም የራሱ አያደርገውም። ሚናና ሙዝደሊፋ ሐረም ውስጥ ናቸው፣ ዐረፋ ውጭ ነው፤ ሆኖም የሐጃጅን የወደቀ ዕቃ ስለ መከልከል የመጣ ሌላ ሐዲስ ስላለ ዐረፋ ላይ ያገኘም ሰው ሊዝናና አይገባም። ሐረም ውስጥ የተነሳ ስልክ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ጂዳ ቢሸጥ ሕጉ አይለወጥም። ከባለቤቱ ይልቅ አግኚ የሚመስል ሰው፣ የይለፍ ቃሉን የማያውቀውን ስልክ ይዞ ሲመጣ፣ ዝም ብሎ የሚገዛ ነጋዴም አላወቅሁም ሊል አይችልም።

ዕቃው ሲሞትስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲወጣ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል የተደረገው 22.3 በመቶው ነው። ከቀረው የከፊሉ ጭስ መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እርሳሱም አፈር ውስጥ። ስለ ሻጭና ገዢ ይህን ያህል የተራቀቀው ፊቅህ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው የጻፈው ትንሽ ነው፤ ያለው ጉዳት ማድረስም በጉዳት መመለስም የለም የሚለው አጠቃላይ ሕግ ነው። የሚሠራውን ኮምፒውተር እያደሰ ለችግረኛ የሚሰጥ ኢርቲቃእ የሚባል በጎ አድራጎት ማኅበር በሳዑዲ አለ፤ የቆሻሻ አስተዳደር ብሔራዊ ማዕከሉ በ2019፣ ሕጉ በ2021 መጥተዋል። የማይሠራውን ለሌላ አገር ድሃ መላክ ግን በሱረቱል በቀራ በግልጽ ተነክቷል፤ ራሳችሁ ብትሰጡት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካልሆነ የማትቀበሉትን መናኛ ነገር አትመጽውቱ የሚል መልእክት አለው። የሞተ ስልክ መመጽወት ቆሻሻ የማስወገድን ወጪ ወደ ሌላ ሰው ማዞር ነው።

ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የባዝል ስምምነት ማሻሻያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛም ባይሆን፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ድንበር እንዳይሻገር አድርጓል። ከጂዳ በተመላሽ ሰው ሻንጣ ለዘመድ የሚላከው አሮጌ ስልክ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠየቅበትም፤ ይሥራ አይሥራ፣ የላከው ሰው ያውቃል።